«ትንሽ ውሃ አቅምሺው» ለምትሉኝ

ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ሙቀቷን ያውቀዋል። በዚህ ሙቀት ልጄን ያየ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነበር፦ «ይህ ልጅ ጠምቶታል፤ በማንኪያ ጫፍ እንኳ ውሃ አቅምሺው።» ከፍቅር እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ልጄ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡቴ በቀር ምንም አልቀመሰም።

ከጡት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ቀጠን ያለ ስለሆነ የልጁን ጥም ይቆርጣል፤ እየቆየ የሚመጣው ስቡ በዛ ብሎ ያጠግበዋል። በማንኪያ የሚሰጠው ውሃ ትንሿን ሆዱን ይሞላና ከጡት ያዘናጋዋል፤ ጡት ደግሞ ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል። ተቅማጡም የሚገባው በዚያው ማንኪያ ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እየመጣ በጀሪካን ስንት ቀን እንደሚቀመጥ እኛው እናውቃለን።

ከውሃው በፊት ደግሞ የቅቤ ጉዳይ ነበር። እናቴ ያደገችው ሐይቅ አካባቢ ነው። በእሷ ዘመን በመንደራቸው ልጅ እንደተወለደ ቅቤ ይውጣል፤ እንገሩ «ሆዱን ያመዋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል። እኔም ስወልድ ቅቤዋን ይዛ መጣች። አዋላጇ ልጁን ደረቴ ላይ አስተኝታ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ እየረዳችኝ ነበር። እናቴን አልተቆጣቻትም። «እማማ፣ ጥጃ እንገር ቢከለከል ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻት። «ይሞታል እንጂ!» አለች እናቴ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቅቤው አላነሣችም። ቢጫውና ወፈር ያለው እንገር በሽታ በሚከላከሉ ነገሮችና በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። ጥቂት ቢመስልም ለአዲስ ልጅ ይበቃል። ቅቤው ለእኔ ገንፎ ዋለ።

ለእናት ያለው ጥቅም ሲነገር እምብዛም አልሰማም፤ ይህ ያናድደኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ጡቴን በያዘ ቁጥር ሆዴን ቁርጠት ይይዘኝ ነበር። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ማሕፀንንም ያኮማትራል፤ ደም መፍሰሱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ጡት ማጥባት በጡትና በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የመያዝን ዕድል ይቀንሳል። ልጁ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ሌት ተቀን ጡት ብቻ ከጠባና የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ከመቶ እናቶች የሚያረግዙት ከሁለት አይበልጡም። ሦስቱም አብረው መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ መከላከያ መጠየቅ ነው።

በዚህ ሁሉ ከጎኔ የቆሙት ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናት ናቸው። ቁርኣን ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባትን እንደሚጠቅስ እየነገሩ፣ «አትቸኩሉባት፤ ምግቡ ይደርሳል» ብለው ጠያቂውን ሁሉ ያስታግሡልኝ ነበር። የጤና ባለሙያዎችም ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ ነው የሚሉት።

የከበደኝ ሥራው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ምክሩ ስድስት ወር፣ ፈቃዱ ከዚያ በጣም ያነሰ! እኔ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት እጄን ታጥቤ ወተቴን በንጹሕ ባለ ክዳን ዕቃ አልቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ የባለቤቴ እኅት በስኒ ታጠጣዋለች። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር አልገዛንም። ቀን ላይ ጡቴ ሲሞላ የቢሮዬን በር ዘግቼ አልባለሁ።

መስፊያ ማሽን ላይ የሚውሉት እናቶች ግን የሚዘጋ በር የላቸውም። ጡታቸው ሲወጠር መጸዳጃ ቤት ገብተው አልበው ይደፉታል። አንዲት ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣ እንዲሰጠን በጋራ ፈርመን ማመልከቻ አስገብተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።