ጎማ ቁጠባ፦ ከዴይቶና እስከ ሮድ አትላንታ

በ2024 የአሜሪካን የስፖርት መኪና ውድድር ዓመት ተከትዬ ዞርኩ (ወርና ዓመቱ እዚህ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እስከ ዴይቶና ቢች ፍሎሪዳ በአይ-95 አውራ ጎዳና ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ማታ 1 ሰዓት ላይ ገባሁ። ሁለቱ ካሮላይናዎችና ጆርጂያ ጥድ፣ ነዳጅ ማደያና የጠበቃ ማስታወቂያ ናቸው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሞቴሉ ግን አይታለፍም። ኅዳር ላይ በ94 ዶላር የያዝኩት ክፍል መቀበያው ጋ ስደርስ 210 ሆኖ ጠበቀኝ። «የውድድር ሳምንት ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ ነሐሴ ላይ ለምን እንደሚዘንብ የምታስረዳ ያህል ረጋ ብላ። ማረጋገጫውን ከስልኬ አውጥቼ ባሳያትም ዋጋው አልተነቃነቀም። የአንድ ሌሊት ከፍዬ ሁለተኛዋን መኪናዬ ውስጥ ለማደር ወሰንኩ። ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች፣ ክፍል ስትይዙ ሂሳቡን ያኔውኑ ጨርሱና ደረሰኙን በወረቀት ያዙ። ወይም ቀድማችሁ ከሜዳው መሀል የድንኳን ቦታ ግዙ።

የአሜሪካ የስፖርት መኪና ውድድር ዓመት በጥር መጨረሻ በዴይቶና 24 ሰዓት ይከፈታል። አወዳዳሪው ኢምሳ ነው፤ ጆንና ፔጊ ቢሾፕ በ1969 ያቋቋሙት። የዛሬ መልኩን የያዘው በ2014 ሁለት ተፎካካሪ ውድድሮች ሲዋሃዱ ነው። የዴይቶናው መንገድ 5.73 ኪሎ ሜትር ሆኖ 12 ኩርባ አለው። ከፊሉ ጠፍጣፋው መሀል ሜዳ ውስጥ ይጠማዘዛል፣ የቀረው በዙሪያው ባለው 31 ዲግሪ ያዘነበለ ግድግዳ ላይ ይከንፋል። ዝንባሌውን በቴሌቪዥን ማየት ዋጋ የለውም። እግሩ ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ ነው አስፋልት ሳይሆን የቤት ጣሪያ መሆኑ የሚገባችሁ።

ወደ 60 የሚጠጉ መኪኖች በአራት ምድብ ተከፍለው አንድ መንገድ ላይ ይሽከረከራሉ። ቁንጮው ጂቲፒ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ዲቃላ (የነዳጅና የኤሌክትሪክ) ሞተር ያላቸው እንደ ፖርሽ 963፣ ካዲላክ፣ አኩራና ቢኤምደብሊው ያሉት የሚወዳደሩበት። ቀጥሎ ኤልኤምፒ2 አለ፤ እዚያ ሁሉም ማለት ይቻላል ኦሬካ ሻሲና 4.2 ሊትር የጊብሰን ሞተር ይዘው ነው የሚመጡት። ከዚያ ጂቲዲ ፕሮና ጂቲዲ፤ መኪናቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የሚለየው ሾፌሩ ነው። በጂቲዲ ደረጃው ዝቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሚነዳ ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖር ግድ ነው። ለጀማሪ ተመልካች ከየምድቡ አንድ አንድ መኪና መርጦ መከተል ይበቃል። ሁሉንም ልከተል ያለ እስከ ማታ ራስ ምታት ብቻ ነው የሚያተርፈው። መኪናው ጎን ላይ የሚበራው ቁጥር በምድቡ ስንተኛ እንደሆነ ይነግራችኋል። የውድድሩ ሬዲዮም በሜዳው ዙሪያ በኤፍኤም ይሰማል፤ የጆሮ መድፈኛ ሥር በሚገባ ትንሽ ማዳመጫ ስሙት።

ምሽት 4 ሰዓት ላይ ርችት ይተኮሳል። ሕዝቡም ይበተናል። ውድድሩን ለማየት የመጣ ሰው መቀመጥ ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።

ፍሎሪዳ ነው ብዬ ቀለል ያለ ጃኬት ነበር የያዝኩት፤ ቂልነት ነው። የጥር ሌሊት እዚያ 13 ሰዓት ይረዝማል፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ለመተኛት ሞከርኩ። መስኮቱ በትንፋሼ ላብ ተሸፈነ፣ በየደቂቃ ተኩሉ ደግሞ የካዲላኩ 5.5 ሊትር ሞተር ደረቴን እየነካ አለፈ። ተውኩትና ከፒቱ (መኪኖቹ ነዳጅ ለመሙላትና ጎማ ለመቀየር ከሚቆሙበት ቦታ) ፊት ለፊት ያለው ትልቁ መቀመጫ ላይ ወጣሁ። ባዶ ነው፣ የፈለጋችሁበት መቀመጥ ትችላላችሁ። የሩቅ ማያ መነጽር የያዘ ሰው ከዚያ ሆኖ እያንዳንዷን ቡሎን ያያል።

ፒት ውስጥ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ የነዳ ይቀጣል። መኪናው ሲቆም አንዱ የንፋስ ቱቦ ከኋላ ይሰካበታል፤ ከሆዱ ሥር ያሉት ክሪኮች ብድግ ያደርጉታል። ነዳጅ ቀጂው ወዲያው ቱቦውን ይተክላል፣ ከጎኑ የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቆማል። እያንዳንዱን ቸርኬ የሚይዘው አንድ ትልቅ ቡሎን ብቻ ነው፤ በንፋስ መፍቻ ዝር ይልና ይወጣል። የወጣው ጎማ ተንከባሎ ከሄደ ቅጣት ነው፣ ስለዚህ እንደ ጨቅላ ልጅ ታቅፈው በጎኑ ያስተኙታል። ሾፌር የሚቀየር ከሆነ ወራጁ የሬዲዮውን ገመድና የመጠጡን ቱቦ ነቅሎ፣ ቀበቶውን ፈትቶ ይወጣል፤ ተተኪው ሲገባ ደግሞ ቀበቶውን በማሰር ይረዳዋል። ክሪኩ ሳይወርድ ጎማ ያሽከረከረም ይቀጣል።

እኔን ያቆየኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ነዳጅ ለመሙላት 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ አራት ጎማ መቀየር ከዚያ ያንሳል፣ በኢምሳ ሕግ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ይቻላል። ታዲያ ጎማ መቀየር ጊዜ የማያስወጣ ከሆነ ለምን በየጊዜው አይቀየርም? አንደኛ፣ ለየቡድኑ የሚፈቀደው ጎማ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሌሊት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚህ የጎማ ማሞቂያ ብርድ ልብስ ክልክል ነው። ጎማው ፒት ውስጥ የቆየው በውጪው ብርድ ነው፣ የሚሞላውም በትንሽ ንፋስ፤ ምክንያቱም ሲግል ግፊቱ ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ መኪናው ሲወጣ ጎማው ላስቲክ ሳይሆን የበረዶ ላይ ሳሙና ነው። አይነክስም፣ ግፊቱም ዝቅ ስላለ የመኪናው ወለል ይፈትጋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከፒት የወጣ አንድ የጂቲዲ መኪና የመጀመሪያዋን ኩርባ ሳያገባድድ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ማንም አልገፋውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ ቁጠባ የሚባል ሰፈር አለ። የስሙን ትርጉም ልብ ያልኩት እዚያ ባዶ መቀመጫ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አዲስ ጎማ ጭኖ ሰከንዶችን ከማቃጠል ያገለገለውን ትኩስ ጎማ ሁለት ዙር ነዳጅ ማስነዳት ይሻላል ብሎ የሚያሰላ መሐንዲስ ነው ሌሊቱን የሚያሸንፈው።

ቢጫ ባንዲራ የቀረውን ይጨርሳል። አደጋ ሲደርስ ሁሉም ከሴፍቲ ካር (ፊት ሆና በዝግታ ከምትመራ መኪና) ኋላ ስለሚሰለፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሰበሰበ ብልጫ በአንዴ ይቀልጣል። በ2024 ቁጥር 7 ፖርሽ ከ24 ሰዓት በኋላ ያሸነፈው በ2.112 ሰከንድ ነው። እንዲያውም የመጨረሻው ባንዲራ በስህተት አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ቀድሞ ነው የወረደው። ስንት ሺህ ሰው ሰዓቱን እያየ!

ቀጣዩ ውድድር፣ እዚያው ፍሎሪዳ ያለው የሲብሪንግ 12 ሰዓት፣ መጋቢት 16 ነበር፤ ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ይህ ለሌላው ተመልካች ምንም አይደለም። በሲብሪንግ ሜዳ ዙሪያ ግን የሚሸጠው ሁሉ ሥጋ፣ አይብ ወይም ሁለቱም ነው። እኔ በሶና ቆሎ ይዤ ነበር፣ እሱም እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አልቆየም። ግሪን ፓርክ በሚባለው የድንኳን ሜዳ ሰዎች ሶፋና ጥብስ መጥበሻ ጭነው፣ እንጨት ረብርበው፣ ሰገነት ሠርተው ነው የሚሰፍሩት። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የአሳማ ጎድን አቀረቡልኝ። ጾሜን እንደያዝኩ ሳስረዳቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ በቆሎ ጠብሰው፣ ቅቤውን በሌላ ሰሃን ለይተው አመጡልኝ። በዚያ ዓመት ካጋጠመኝ ሰው ሁሉ እኚህ ይበልጡብኛል። ወንበራቸውንም ሰጡኝ፤ አሸዋው ላይ ለ12 ሰዓት መቆም ቀልድ አይደለም።

መንገዱ 6.02 ኪሎ ሜትር፣ 17 ኩርባ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 ቦምብ ጣይ ሠራተኞች የሰለጠኑበት የአየር ጣቢያ ነበር፤ የ12 ሰዓቱ ውድድር በ1952 ጀመረ። የዚያ ዘመን ኮንክሪት እስካሁን አለ። በየንጣፉ መገጣጠሚያ መኪናው ቱክ ቱክ ይላል፣ በተለይ 17ኛዋ ኩርባ ላይ ከመሬት ይዘላል። አሞርዛተር ካላለዘባችሁ ጎማው አየር ላይ ይቀራል፤ በጣም ካለዘባችሁ ደግሞ ወለሉ ይመታል። ሁሉም ቡድን ሐሙስና ዓርብ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። የኛን ሰፈር ኮብልስቶን የለመደ ሰው በእርግጥ ብዙም አይደነቅም።

ፀሐይ ስትገባ እዚያችው 17ኛ ኩርባ ላይ ልክ ሾፌሮቹ ዓይን ውስጥ ትወድቃለች። በጨለማ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ሉዊ ዴሌትራ በቁጥር 40 አኩራ የሴባስቲያን ቡርዴን ካዲላክ አለፈው። ሽማግሌው የካዲላክ ደጋፊ ነበሩ፤ የቀረውን በቆሎ ዝም ብለው በሉ።

ሎንግ ቢችንና ላጉና ሴካን ከሶፋዬ ላይ አየሁ፤ የካሊፎርኒያ አውሮፕላን ትኬት ለሁለት ውድድር አያዋጣም።

ዋትኪንስ ግሌን፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከቤቴ የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ። ስድስት ሰዓት የሚፈጀውን ውድድር ያህል ያስደሰተኝ ዓርብ ከሰዓት ያደረግኩት ነገር ነው። በ1948 የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በከተማው ጎዳናና በገጠር መንገድ ላይ ነበር፤ ባቡር እንኳ እስኪያልቅ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ያ 10.6 ኪሎ ሜትር መንገድ እስካሁን ሕዝብ የሚሄድበት ነው። ፍራንክሊን ጎዳና ላይ ከፍርድ ቤቱ ፊት ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፣ በዛፎች መሀል ይታጠፋል፣ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል፣ ተመልሶ ከተማው ይገባል። በተፈቀደው ፍጥነት ዞርኩት፤ ነጻ ነው። ሁለቴ ዞርኩት።

አሁን ያለው ሜዳ 5.47 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ የብረት አጥር። አጥሩ ለመንገዱ በጣም ቅርብ ስለሆነ እዚያ ስህተት የሚታረመው በፓራውልት ነው። መቀመጫ አትግዙ። «ባስ ስቶፕ» በሚሉት ዚግዛግ አጠገብ ባለው ሣር ላይ ሁኑ፤ የጂቲፒ መኪኖች ፍሬን ይዘው የጂቲዲዎቹን ጎን ሲሰነጥቁ ከዚያ ነው የሚታየው።

ልጆች ያላችሁ ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቪአይአር ሂዱ። ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ማለት ነው፣ ከዳንቪል አጠገብ። ሁለቱ የጂቲዲ ምድቦች ብቻ ስለሚወዳደሩ የሚከተሉት ነገር ትንሽ ነው፤ ዙሪያው ሣርና ጥላ ነው፣ የሚያልቀውም በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በስሟ ኩርባ የተሰየመላት ትልቅ ዋርካ መሳይ ኦክ ዛፍ በ2013 ወድቃለች፤ ኩርባው ስሙን አልቀየረም። የዳይኖሰር ጥርስ የተሳለባት «ሬክሲ» የምትባል ፖርሽ አለች፤ ሕፃናቱ ከጋራዧ ፊት አይነሱም።

የዓመቱ መዝጊያ ፔቲ ለማን ነበር፣ ጥቅምት 12፣ አትላንታ አጠገብ ብራዝልተን ባለው ሮድ አትላንታ በሚባል ሜዳ። ከ1998 ጀምሮ የሚካሄድ፣ 10 ሰዓት የሚፈጅ፣ 4.09 ኪሎ ሜትር ላይ። ሮድ አትላንታ ኮረብታ ነው፤ በደንብ ለማየት ብዙ መሄድ አለባችሁ፣ ጥሩ ጫማ ይዛችሁ ኑ። ቀን ሙቀት ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ግን አስፋልቱ በፍጥነት ይበርዳል። የዴይቶናው ጣጣ እንደገና መጣ፦ ከሰዓት በትክክል ይሠራ የነበረ የጎማ ግፊት ማታ 2 ሰዓት ላይ ያንስ ጀመር። የመጨረሻዋ ኩርባ በድልድይ ሥር አልፎ ቁልቁል የሚወረድባት ናት። ቀዝቃዛ ጎማ የያዘና ያልያዘ እዚያ ይለያል። ቡርዴ፣ ቫን ደር ዛንደና ስኮት ዲክሰን በቁጥር 01 ካዲላክ አሸነፉ፤ የዓመቱን ዋንጫ ግን ፌሊፔ ናስርና ዴን ካሜሮን ለፖርሽ ወሰዱት። በጂቲዲ ፕሮ የሬክሲው ሎሪን ሃይንሪች ሻምፒዮን ሆነ።

ባንዲራው ከወረደ በኋላ ቡድኖቹ ዕቃቸውን ሲሸክፉ ቆሞ ማየት አይከለከልም። እኔ የቆምኩት ጎማው ጋ ነው። ያለቀው ጎማ ጠርዙ ላይ እንደ ማስቲካ የተለጠፈ ቁራጭ ላስቲክ አለው፤ ሾፌሮቹ ከመንገዱ ዳር የሚፈሩት ይህንኑ ነው። በጣቴ ስነካው ገና ትኩስ ነበር።

ማታውኑ አትላንታ አጠገብ ያለችው ክላርክስተን ደርሼ ክትፎ በላሁና ሌሊቱን ትንሽ አሸለብኩ። ንጋት ላይ በአይ-85 ስወጣ የራሴ መኪና የጎማ መብራት ቦግ አለ፦ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ መሆን የነበረበት 32። በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ቅዝቃዜ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ ከሰሞኑ ሙቀት በኋላ ሌሊቱ በርዷል፣ እኔም ከነሐሴ ወዲህ አለካሁትም ነበር። ማደያው ንፋስ ለመሙላት ሁለት ዶላር ጠየቀኝ፣ በካርድ ብቻ። አዲስ አበባ ያለው ጎሚስታዬ ለንፋስ ገንዘብ መጠየቅ ያፍር ነበር።