አሜሪካም ጀሪካን አለ

ጎንደር ያሉ ወዳጆች በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ደርበው ይደውሉና «እናንተማ ምን ጎደላችሁ፤ ቁልፏን ጫን ስታደርጉ ቤቱ ይሞቃል» ይላሉ። ቁልፏ አለች፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች፤ ተርሞስታት ይሏታል። ከጀርባዋ ያለውን ግን ማንም ደውሎ አይናገርም። ሕዝቧ 650 ሺህ በማይሞላው በቨርሞንት ግዛት ከከተማ ወጣ ብሎ የተከራየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያሞቀው ቦቴ አምጥቶ ምድር ቤት ባለ ታንከር በሚቀዳለት ነዳጅ ነው። ነዳጁ ደግሞ ያልቃል። ሲያልቅ ጀሪካን ይዞ ማደያ መሄድ አለ። ከጎንደር ሰፈሮች ከማራኪና ከአዘዞ የውሃ ፈረቃ አመለጥኩ ብሎ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይቆማል። ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም፦ እዚያ ቢጫው የውሃ ነው፣ እዚህ ቢጫው የናፍጣ፣ ሰማያዊው የላምባ፣ ቀዩ የቤንዚን። በዚያች ሰዓት ፎቶ ተነሥቶ ፌስቡክ ላይ የለጠፈ አበሻ እስካሁን አልታየም።

ታንከሩ 275 ጋሎን ይባላል፤ ወደ 1,040 ሊትር ነው። የጎንደሩን የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አስቡት፤ ልዩነቱ ይሄኛው ብረት ሆኖ ምድር ቤት መቀመጡ ነው። እስከ አፉ አይሞላም፤ ለአየር ቦታ ተትቶለት 250 ጋሎን ገደማ ይይዛል። ሾፌሩ ሲሞላ ጆሮውን ጥሎ ፉጨት ያዳምጣል፤ ከመተንፈሻው ቱቦ የሚወጣው ፉጨት ሲቆም ሞልቷል ማለት ነው። ነዳጁ፣ እዚህ የማሞቂያ ዘይት የሚሉት፣ ከናፍጣ ጋር ወንድማማች ነው። የመንገድ ግብር ስላልተከፈለበት መኪና ላይ እንዳይሞላ በቀይ ቀለም ተነክሯል።

ፍጆታውን በግምት ማስላት ይቻላል። ዘይቱን የሚያነደው ማሽን (ማቃጠያው) ላይ ያለው መርጫ ቀዳዳ፣ ኖዝሉ፣ በሰዓት 0.85 ጋሎን የሚረጭ ከሆነና ብርዱ በጠናበት ቀን ማሽኑ ተደምሮ 10 ሰዓት ከሠራ፣ በቀን 8 ጋሎን ተኩል ይሄዳል። ስለዚህ ጠቋሚው ሩብ ላይ ሲደርስ የቀረው ሁለት ወር አይደለም፤ አንድ ሳምንት ነው። ጠቋሚውም ቢሆን የማይታመን ነው። ውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ ትጣበቅና ታንከሩ ባዶ ሆኖ «ሩብ» ትላለች። በጣት መታ መታ አድርጎ ማየት የዚህ አገር ጾም ጸሎት ነው።

ታዲያ ለምን ያልቅበታል? አንደኛ፣ ነጋዴዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ100 ጋሎን በታች አያመጡም። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ50 ቢሆን 350 ዶላር በአንድ ጊዜ ከኪስ ይወጣል፤ ደመወዝ እስኪገባ ልጠብቅ ያለ ሰው ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ ሁለት ዓይነት ውል አለ። በአንዱ እናንተ ትደውላላችሁ፤ ከረሳችሁ ጉዳዩ የእናንተ ነው። በሌላው ድርጅቱ የየቀኑን ብርድ ደምሮ፣ ቤታችሁ ከዚህ በፊት ከበላው ጋር አስልቶ ራሱ ይመጣል። ለአዲስ ተከራይ ግን «ከዚህ በፊት» የሚባል የለም። የቀድሞው ተከራይ ብቻውን ኖሮ በ15 ዲግሪ የሚተኛ ከነበረ፣ አራት ልጅ ያለው የጎንደር ቤተሰብ ገብቶ 22 ላይ ሲያደርገው ስሌቱ ይከሽፋል። እናም በመጀመሪያው ክረምት ውሉ ምንም ይሁን ምን፣ በየሳምንቱ እሑድ ጠቋሚውን ማየትና ሦስት ስምንተኛ ላይ ሲደርስ መደወል ነው። ዓርብ ማታ የሚጠራ ቦቴ ከዘይቱ ሌላ የአጣዳፊ ክፍያ ይጠይቃል።

አልቆ ከተገኘ መጀመሪያ ማቃጠያውን ማጥፋት ነው፤ ማብሪያው ብዙ ጊዜ በምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ ቀይ ሽፋን ለብሶ ይገኛል። ከማደያ 5 ጋሎን ናፍጣ፣ ቢቻል 10፤ ላምባም ይሆናል። ቤንዚን በፍጹም፤ ቤቱን ይዞ ይሄዳል። መሙያው ደጅ ነው፤ ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ለመቅጃ ይበቃል። ከዚያ ሩብ ሰዓት መታገስ። አዲሱ ነዳጅ ከታንከሩ ሥር የተኛውን አተላ ስለሚበጠብጠው፣ ወዲያው ከተነሣ አተላው ሄዶ ማጣሪያውንና ኖዝሉን ይደፍናል።

ነዳጅ ተሞልቶም ላይነሣ ይችላል። ናፍጣ የጨረሰ አይሱዙ አየር ይዞ መንገድ ላይ ሲቀር ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ነገሩ ያው ነው። ከታንከሩ አንድ ቱቦ ብቻ የሚመጣለት ማቃጠያ አየሩን በእጅ ማስወጣት ይፈልጋል። ከፓምፑ ጎን በ3/8 ኢንች ቁልፍ የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለች። ጫፏ ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰክቶ ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ መክተት፤ ማብሪያውን ማብራት፤ ማቃጠያው ላይ ያለችውን ቀይ የማስነሻ ቁልፍ አንዴ መጫን፤ ብሎኗን ግማሽ ዙር መፍታት። መጀመሪያ አየር እፍ እፍ ይላል፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎ አረፋ የሌለው ዘይት። ያኔ ማጥበቅ፤ እሳቱ ይይዛል።

ያቺ ቀይ ቁልፍ ናት አደገኛዋ። ብርድ የያዘው ሰው ደጋግሞ ይጫናታል። እያንዳንዷ ጫና ያልነደደ ዘይት እሳት ቤቱ ውስጥ ትረጫለች፤ በአምስተኛው ሲቀጣጠል የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይነድና ዱም ይላል፤ ጥቀርሻው በየክፍሉ፣ በየአልጋው፣ በየነጠላው ይሰፍራል። አንዴ፤ ግፋ ቢል ሁለቴ። ከዚያ ባለሙያ መጥራት ነው። ታንከሩ ደጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ዘይቱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ቂቤ መደፍረስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ላምባ የተቀላቀለበት ወይም ንጹሕ ላምባ ይታዘዝለታል። ዋጋው ከፍ ይላል።

ጀሪካኑ ውርደት ነው፤ ኪሳራው ግን ቧንቧው ነው። ሙቀት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በውጭ ግድግዳ በኩል የሚያልፈው ውሃ ይረጋል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ቧንቧው የሚሰነጠቀው ሲረጋ ነው፤ የሚያፈሰው ግን ሲቀልጥ። ስለዚህ ሙቀቱ ተመልሶ ሁሉም «እፎይ» ሲል ነው ጣሪያው የሚያንጠባጥበው። በእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ መተው፣ ቧንቧውን በቀጭኑ ማንጠባጠብ፣ ቤት ጥሎ ለሚሄድም ተርሞስታቱን ከ13 ዲግሪ፣ በእነርሱ ፋራናይት ከ55 አለማውረድ። የዋናውን ውሃ መዝጊያ ቦታ ቤቱን በተረከባችሁ ቀን እዩት።

የቤቱ ነገር ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። ፋሲል ግንቡን በድንጋይና በኖራ ገንብቶ ይኸው ቆሟል፤ እነዚህ በረዶ ውስጥ በጣውላ ቤት ይኖራሉ፤ መቶ ዓመት ያለፈው ቤት ብዙ ነው፤ በመስኮቱ ጠርዝ ነፋስ ይገባል። ለዚህ የተበጀ ነገር አላቸው፤ አበሻ ግን ሲጠቀምበት አላይም። በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው አየሩን ወደ ውጭ ይስባሉ፤ ያኔ ብርዱ በየት በየት እንደሚሾልክ እጅ ላይ ይሰማል። ከዚያ ጣሪያውን ብርድ በሚከላከል ኢንሱሌሽን ይሞላሉ፣ ስንጥቁን ይደፍናሉ። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ በነጻ ነው፤ አከራዩ ከፈረመ ለተከራይም ይሠራል። ከወጪው ከፊሉ የሚሸፈነው በማሞቂያ ነዳጅ ላይ በጋሎን በሚጣለው 2 ሳንቲም ነው፤ ማለትም እናንተም ከፍላችሁበታል። ለነዳጅ ድጎማም ማመልከቻ አለ። የኛ ሰው «ለማኝ መሰልኩ» ብሎ ይተወዋል፤ ከዚያ በጥር ጀሪካን ያነሣል።

አከራይን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ቢሆን ይሄ ይሁን፦ ሙቀቱ ኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ባለፈው ክረምት ስንት ጋሎን እንደገባ ደረሰኝ ይታያችሁ። 900 ዶላር የሚባል ርካሽ ቤት በወር 350 ዶላር ዘይት ከበላ 1,250 ነው። አከራዩ አሮጌውን ማሽን ነቅሎ በኤሌክትሪክ ከውጭው አየር ሙቀት የሚስበውን ሂት ፓምፕ ካስገባም ደስ ከማለታችሁ በፊት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። እሱ ይከፍለው የነበረው ዘይት ዛሬ በእናንተ የመብራት ቢል መጥቶ ሊሆን ይችላል። ሂት ፓምፑ ራሱ ጥሩ ነው፤ የበላውን ኤሌክትሪክ እጥፍና ከዚያ በላይ ሙቀት አድርጎ ይመልሳል። ብርዱ ሲበረታ ግን አቅሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ገና ካልተነቀለ አሮጌውን ማሽን አታስነቅሉ።

እዚህ ላይ ፖለቲካው ይመጣል። ቨርሞንት ውስጥ በፈረንጆቹ ማርች የመጀመሪያ ማክሰኞ የየመንደሩ ሰው አዳራሽ ይሰበሰባል። «ቀበሌ ስብሰባ ነው» ብሎ የሚሸሽ አለ፤ አይደለም፤ የሚመስለው እድርን ነው። ዳኛ አለ፣ በጀት ይነበባል፣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይገዛ አይገዛ ተብሎ ሰው ይፋጠጣል፣ እጅ ይወጣል። ጭብጨባ የለም። አንዳንዱ መንደር እስከ ዛሬ አጥር ተመልካችና ከሰል መዛኝ የሚባል ሹም ይሾማል፤ የሚመዘን ከሰል የለም፤ ሹመቱ ግን አለ። በዚህ እንኳ እንመሳሰላለን።

የግዛቱ ምክር ቤት 150 አባላት አሉት፤ ሲካፈል አንዱ የሚወክለው ወደ 4,300 ሰው ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የማሞቂያ ነዳጅ ሻጮችን ብክለቱ ወደ ቀነሰ ማሞቂያ የሚገፋ ሕግ ሲወጣ አገረ ገዢው ፊል ስኮት አልፈርምም አሉ፤ ምክር ቤቱ እምቢታቸውን ሽሮ አጸደቀው። ክርክሩ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ነበር፦ ጋሎኑ ስንት ይጨምራል? በኖቬምበር 2024 ምርጫ ዴሞክራቶች የአገረ ገዢውን እምቢታ የሚሽሩበትን ሁለት ሦስተኛ ወንበር አጡ። የአየር ንብረት ጉዳይ ነው ያሉት ሰዎች የታንከሩን ጠቋሚ ረስተው ነበር ባይ ነኝ።

ሌላው አስገራሚ ነገር፣ ዊኑስኪና ሞንትፒሊየር በሚባሉ ከተሞች ከ2021 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ሕጋዊ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ በርሊንግተንም ተከትላለች። ግሪን ካርድ ይዞ የከተማ ምክር ቤት መምረጥ! ግን ተጠንቀቁ፦ ለከተማው ብቻ ነው። ለግዛቱና ለፌደራሉ ምርጫ የተመዘገበ፣ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «ዜጋ ነህ?» በሚለው ሣጥን ላይ ሳያነብ ምልክት ያደረገ፣ አገር ሊያስለቅቀው ይችላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

ዲቪ የደረሳችሁ ሻንጣ ስታሰናዱ፣ ከሰል ማንደጃውን እዚያው ተዉት። የጎንደር ቤት በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ይተነፍሳል፤ ይሄኛው በክረምት ታሽጎ ስለሚውል ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆላል፤ የጭስ ደወሉ መጮሁ አይቀርም፤ መስኮት መክፈት እንጂ ባትሪውን መንቀል አይደለም። ምጣዱን ማምጣት ይቻላል፤ ግን ተራው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ በ1,800 ዋት ይደክማል። በአገር ቤቱ 220 ቮልት 3,500 ዋት የሚለው የኛ ምጣድ የልብስ ማድረቂያውን ባለ 240 ቮልት መስመር ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ 4,200 ዋት ገደማ ይስባል፣ ወደ 17 አምፔር ነው፤ መስመሩ 30 ይችላል። ትንሽ ስለሚፋጅ የመጀመሪያው እንጀራ ያራል። ሶኬቱ በአሮጌ ቤት ሦስት ቀዳዳ፣ በአዲሱ አራት ነው፤ ገመዱን ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ አንሥታችሁ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ።