ኤም ፊደል የሚሰረዝባት ከተማ

ዛሬ ከኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። ጠርዙ የተበላ የኦሃዮ ስቴት (የከተማችን ዩኒቨርሲቲ) ኮፍያ አድርገዋል። ኮሎምበስ ታክሲ ስነዳ ዓመታት ቢያልፉኝም የአሜሪካ ፉትቦል አሁንም በደንብ አይገባኝም፤ እንዲያው ለወሬ ያህል "ሚሺጋንን ለምንድነው እንዲህ የምትፈሩት?" አልኳቸው (ሚሺጋን በየኅዳሩ የሚገጥሙት የጎረቤት ግዛት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው)። ወይ ጉዴ! ቤታቸው እስክንደርስ አላቆሙም።

ጆን ኩፐር የሚባል አሰልጣኝ ነበራቸው፣ በፈረንጆቹ ከ1988 እስከ 2000። 111 ጨዋታ አሸንፏል። ሚሺጋንን ግን በ13 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ብቻ! በ1995 እና በ1996 አንድም ሳይሸነፍ መጥቶ ሁለቴም ሚሺጋን ጉድ ሠራው። በመጨረሻ ተባረረ።

እኔ የማስታውሰው የ2024ቱን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለ ኤም ፊደል (የሚሺጋን መነሻ) ሁሉ በቀይ ፕላስተር ሲሰረዝ ከረመ፣ ከዚያ መቶ ሺህ ሰው በሞላበት በገዛ ሜዳቸው 13 ለ 10 ተሸነፉ፣ ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት። ያን ማታ የጫንኳቸው ሁሉ ከለቅሶ ቤት የሚመለሱ ነበር የሚመስሉት። ቲፕ የሚባል የለም (ይሄን አልረሳም)። የሚገርመው፣ ያው ቡድን ቴነሲን፣ ኦሪገንን፣ ቴክሳስን፣ ኖትርዳምን በተራ በተራ ጥሎ የአገሪቱን ዋንጫ በላ። ከባድ ጨዋታ አይችሉም እንዳትል አራቱንም ችለዋል፤ አንገታቸውን የያዘው አንድ ጎረቤት ነበር።

"ታዲያ ዋንጫው አላጽናናዎትም?" አልኳቸው።

ሻንጣቸውን እየተቀበሉኝ ትንሽ አሰቡ። "አጽናንቶኛል" አሉ፣ "እስከ ኅዳር።"

ቲፕ ግን ሰጡኝ።