ዳሽቦርድ ሳይፈታ የተጠገነ ሂተር፦ ደብረ ማርቆስ ላይ

በክረምት ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚነዳ ሰው ሂተር የሚፈልገው እግሩን ለማሞቅ ብቻ አይደለም፤ የፊት መስታወቱን ከላበት የሚያጠራለትም እሱ ነው። የሠራሁት 4ኤ የሚባለው ሞተር ያለው የቆየ ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን፣ ፋኑ በደንብ ይነፋል፤ አየሩ ግን ለብ ከማለት አያልፍም።

ፋኑ መንፋቱ የኤሌክትሪኩን ጥርጣሬ አስቀረልኝ። ጨርሶ ባይነፋ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የፋኑን ሞተር፣ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ቢነፋ ደግሞ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰውን ሬዚስተር አይ ነበር። የቀረው የውሃ ጉዳይ ነው፤ ሂተሩ አየሩን የሚያሞቀው ከሞተሩ በሚመጣ ትኩስ ውሃ ነውና።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። የመጠባበቂያው ጠርሙስ ሙሉ መሆኑ አያሳምነኝም፤ ክዳኑ ከደከመ ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ይጎድላል፣ አየሩም ዳሽቦርዱ ውስጥ ከፍ ብሎ በተቀመጠው ትንሽ የሂተር ራዲያተር ውስጥ ይከማቻል። እዚህ ውሃው አልጎደለም፤ ግን ኩላንት (ዝገት የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ) ያልነካው፣ በዝገት የቀላ የቧንቧ ውሃ ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቼ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አደረግሁና ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ዳሰስኩ፤ እጅን ከራዲያተሩ ፋንና ከቺንጋ (ከሚሽከረከረው ቀበቶ) ማራቅ ነው። ሁለቱም ካቃጠሉ ጥፋቱ ውስጥ ያለው የአየር በር ወይም የሚስበው ሽቦ ነው። አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል ወይም አየር ይዟል። ሁለቱም ከቀዘቀዙ የሂተሩ ውሃ መዝጊያ ወይም ዋተር ፓምፑ ይጠረጠራል። በዚህ መኪና መግቢያው ለብ ብሏል፣ መውጫው ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጥፋት ይህን ሁሉ አያመጣም፦ ሞተሩ ራሱ በቂ አልሞቀም፣ በዚያ ላይ መተላለፊያው ጠቧል።

ለምን አልሞቀም? ትልቁ ራዲያተር ሞተሩ እንደተነሳ አብሮ ይሞቃል። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪግል ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፈው በር፣ ቢኖር ራዲያተሩ እስከዚያ ድረስ ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት ነበረበት። የቴርሞስታቱን ቤት ስፈታው ባዶ ነው። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው ይግላል፣ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከኋላው ያለው ሳህን ውሃ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ከወጣ ግን ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ያው መኪና ቁልቁለት ላይ ሲቀዘቅዝ ዳገት ላይ ይብሱን ይግላል።

አዲሱን ቴርሞስታት ሳልገጥም በድስት ውሃ ፈተንኩት። 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስት ውስጥ በሙሉ አልተከፈተም ብሎ ደህናውን ዕቃ መጣል እዚህ ላይ ይመጣል፤ 80ን አልፎ መከፈት ከጀመረ፣ ሲቀዘቅዝም አጥብቆ ከዘጋ ይበቃኛል። ትንሿን የአየር መውጫ ወደ ላይ አድርጌ፣ አሮጌውን ላስቲክ ቀይሬ ገጠምኩት። ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ብሎኑ በኃይል አይጠበቅም።

የሂተሩን ራዲያተር ለማጠብ ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ ውሃውን በመውጫው በኩል አስገባሁ፤ ቆሻሻው በገባበት ይወጣል። የቧንቧ ግፊት፣ እሱም ግማሽ ተከፍቶ፣ ይበቃል። በኮምፕሬሰር የሚነፉ አሉ፤ የቆየ ብየዳ ይከፍታልና ከዚያ በኋላ ዳሽቦርድ መፍታት አይቀርም። ዝገቱ እምቢ ሲል በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ ሞላሁት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርቶ እስኪወርድ አጠብኩ። የሂተሩ ራዲያተር አሉሚኒየም ከሆነ አሲዱም ጊዜውም ይቀነሳል። የደረቁት ቱቦዎች ጫፍ በካቻቢቴ ከተፈለቀቀ የሂተሩ ቧንቧ ይጎዳል፤ በምላጭ ሰንጥቆ አዲስ ቱቦ መግጠም ይረክሳል።

ሲሞላ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሬ፣ ሂተሩን ከፍቼ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልረግጥ) እያሠራሁ አረፋው እስኪቆም ቀስ እያልኩ ሞላሁ። ብዙ ሰው ክዳኑን ከፍቶ የራዲያተሩ ፋን እስኪነሳ ይጠብቃል። ኩላንት የሌለው ውሃ ብቻ የያዘ መኪና እዚህ ከፍታ ላይ ፋኑ ሳይነሳ ሊፈላና ሊገነፍል ይችላል። እኔ የራዲያተሩ ታችኛው ቱቦ ሲሞቅ፣ ማለትም ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ እከድነዋለሁ፤ የጎደለውን በማግስቱ በቀዝቃዛው እሞላለሁ። አረፋው አልቆም ካለ ወይም ውሃው ያለ ፍሳሽ ከቀነሰ የሚታየው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ነው።

ከተሠራ በኋላ ሁለቱም ቱቦዎች እጅ አላስነካ አሉ፣ የሙቀት ጌጁም ቁልቁለት ላይ አልወረደም። ለጥቂት ሳምንት በተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የቆየ የሂተር ራዲያተር ዝገቱ ሲነሳለት ተደፍኖ የነበረው ቀዳዳ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ጣፋጭ ሽታና መስታወት ላይ የሚጣበቅ ቅባታማ ላበትም የዚያው ምልክት ናቸው።