ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ሳሎኑን ልቀባ

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ቤት የሚቀባ ሰው ወይ ቀለም አያውቅም፣ ወይ ድሬዳዋን አያውቅም። እኔ ድሬዳዋን አውቃታለሁ።

የእህቴ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ቀለም ቀቢው የጠራው ዋጋ እማዬን አስደነገጣት፤ እኔም «ምን አለው፣ እኔ እቀባዋለሁ» አልኩ። ቤታችን ከዚራ ሰፈር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ለዓመታት ኖራ በኖራ ላይ ሲለቀለቅ የኖረ። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ነው። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 55 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይቀራል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለሁለት እጅ 11 ሊትር፣ ማለትም ባለ 4 ሊትሩ ሦስት ጋሎን ያስፈልጋል። ይህን ስሌት የሠራሁት ሁለት ጋሎን ገዝቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ሩሎ ከታች ወደ ላይ ሳስኬደው ደስ አለኝ። ስመልሰው ግን የቀባሁት ሁሉ ከነኖራው ተላቅቆ ሩሎው ላይ ተጠቀለለ፤ ከምጣድ እንደሚነሳ እንጀራ ዳርና ዳሩ እየተነሳ መጣ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። በመስኮቱ አይተውኝ ገቡና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው አሳዩኝ፤ ነጭ ሆኗል። «ልጄ፣ አንተ የቀባኸው አቧራውን ነው፤ ግድግዳውን ገና አልነካኸውም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የዱቄት ኖራ ላይ ፕላስቲክ ቀለም የሚይዘው ነገር የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ በስፓቱላና በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ። የተቦረቦረውን በስቱኮ ደፈንኩ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ፤ ብናኙንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ከዚያም የመጀመሪያውን እጅ ውሃ ጨምሬ አቅጥኜ ቀባሁት፣ ግድግዳው ውስጥ እንዲሰርግ። አሁን ማንም ቢጠይቀኝ ጥቁር ጨርቅ ወስዶ ግድግዳውን እንዲያሽ እነግረዋለሁ፤ ጨርቁ ከነጣ ቀለሙን አይክፈተው።

ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። ሁለተኛውን እጅ የጀመርኩት ከምሳ በኋላ ነበር። አንዱን ረድፍ ቀብቼ ሩሎውን ነክሬ እስክመለስ ድረስ ዳሩ ደርቆ ይጠብቀኛል፤ በላዩ ስደርብ መጋጠሚያው እንደ ጋቢ ጥለት ጎልቶ ይታያል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ እስከ 3 ሰዓት ብቻ ሠራሁ፤ አንድ ግድግዳ ከጀመርኩም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሳልጨርስ ሻይ እንኳን አልጠጣሁም። ሦስተኛው ጋሎን ዘግይቶ የተገዛ ስለነበር ያው ቀለም ተብሎ ተበጥብጦ ቢሰጠኝም ትንሽ ጠቆር አለ። ሦስቱንም አስቀድሜ በአንድ ባልዲ ባቀላቅል ኖሮ ልዩነቱ አይታይም ነበር። ጠቆር ያለው ግድግዳ አሁን ቡፌው የተደገፈበት ነው።

ቡፌው የራሱ ጣጣ ነበረው። ቡና የሚፈላው በየቀኑ እሱ ሥር ነው። የስንት ዓመት የዕጣን ጭስ እንጨቱ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን አበጅቷል፤ ቀለም ሲነካው ይሸሻል። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ የዘይት ቀለም በሚያቀጥነው በአኳራጅ አጠብኩት። በሮቹን በካቻቢቴ ፈትቼ ከኋላቸው ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ማጠፊያና ብሎኖቹን በአንድ ጣሳ አኖርኩ። የፋቅሁት በደረቁ ሳይሆን በውሃ በሚታሽ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ በሻካራው 120 ቁጥር ጀምሬ በለስላሳው 220 ጨረስኩ። ምክንያቱም አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። አገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በሕግ የወሰነችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው። ቡፌው ደግሞ በዕድሜ እኔንም ይበልጠኛል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ቬንትሌተሩ ነው። በሮቹን በዘይት ቀለም ቀብቼ ሽታው ሲከብደኝ፣ ላቤም ዓይኔ ውስጥ ሲገባ፣ አብርቼው አረፍ አልኩ። ስመለስ ከደቻቱ ወንዝ በኩል የሚነሳው ደቃቅ አሸዋ በሙሉ በሮቹ ላይ ሰፍሯል፤ በጣቴ ስነካው ቅንጬ ይመስላል። አድርቄ፣ መልሼ ፋቅሁት። በማግሥቱ በሮቹን በኋላ በረንዳ ወንበር ላይ አጋደምኳቸው፤ እማዬ ጎህ ሳይቀድ ግቢውን ውሃ ረጭታ አቧራውን አስተኛችልኝ። በአንድ ወፍራም እጅ ፋንታ ሦስት ስስ እጅ ቀባሁ፣ በመካከሉ 24 ሰዓት እየጠበቅሁ። ያኔ ነው መልክ የያዘው።

ቀኑ ደረሰ፣ በሮቹንም ገጠምኳቸው። በጣት ሲነኩት ደርቋል፤ ግን የዘይት ቀለም ከላይ ይደርቅና ውስጡ ለመጠንከር ሳምንታት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የበሮቹንም የክፈፉንም ጠርዝ ሳልሰስት ቀብቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገር ሲጀምሩ እማዬ ሲኒ ልታወጣ ቡፌውን ሳበችው። አልከፈት አለ። ደግማ ሳበች። ሁሉም ዝም አለ። ቢላዋ አምጥቼ በጠርዙ እያስገባሁ ስፈለቅቀው ጥፍር የምታህል ልጣጭ ተነስታ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ከጀርባዋ የድሮው አረንጓዴ ቀለም አብሮ ተነስቷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው አነሷትና «ቀለሙስ ጥሩ ይዟል» አሉ።

በኋላ ጠርዞቹን በሻማ አሸኋቸውና በሮቹ ይከፈታሉ። እማዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲኒዎቹን ወጥ ቤት ነው የምታስቀምጣቸው።