አርኖን ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ

70 ዲናር። ይቺን ቁጥር መጀመሪያ ልጻፋትና ይውጣልኝ።

አንድ የጆርዳን ዲናር ከአንድ ዶላር ከ40 ሳንቲም ያልፋል። ወደ ብር አትመንዝሩት፣ እኔም ተውኩት። ለአንድ ቀን የገደልና የወንዝ ጉዞ ይህን ገንዘብ የተቀበለኝ በዋና ከተማዋ በአማን መሀል ቢሮ ያለው አንድ የጉዞ ወኪል ነው። «መኪና፣ ምሳ፣ ጋይድ፣ ሙሉ ዕቃ፣ ሁሉም በውስጡ ነው» አለኝ። መኪናው ማቀዝቀዣው የማይሠራ ሚኒባስ ሆኖ ተገኘ። ምሳው አይብ የተቀባ ቂጣና አንድ ሙዝ። አጠገቤ የተቀመጠው አማናዊ ከሚስቱ ጋር ለሁለት የከፈሉትን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ዋጋ እንደሚለያይ አውቃለሁ፣ እኛም አገር ፈረንጅ የሚከፍለውና እኛ የምንከፍለው አንድ አይደለም። እኔን የከነከነኝ ልዩነቱ ማን ኪስ ገባ የሚለው ነው።

ወደ ጆርዳን የሄድኩት እህቴን ልጠይቅ ነበር። አማን ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ቤቷ ሳሎን ውስጥ አንጥፋልኛለች፣ ቡና በቀን ሦስቴ ታፈላለች፣ ዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። በመካከሉ ስልኬ ላይ በጠባብ ገደል ውስጥ ውሃ ለውሃ የሚሄዱ ሰዎች አየሁና ልቤ ተነሳ። ስነግራት ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ፣ ገደል ግባ ብለው ያስከፍሉሃል እንዴ?»

«ካንዮኒንግ ይባላል፣ እታለም።»

«የፈለገውን ይባል!»

ለማያውቀው እንዲህ ነው፦ ወንዝ ድንጋይ ቆርጦ በሠራው ጠባብ ሸለቆ ገብቶ ከውሃው ጋር ቁልቁል መሄድ። በእግር የሚኬደው ይኬዳል፣ ጥልቀት ሲኖር ይዋኛል፣ ፏፏቴ ሲመጣ በገመድ ይወረዳል። አንዴ ከገቡ መውጫው በታች በኩል ነው። ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ታክሲ መጥራት የለም።

የእህቴ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ሙት ባሕር አጠገብ ድንገተኛ ጎርፍ ወርዶ 21 ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። የትምህርትና የቱሪዝም ሚኒስትሮቹ በዚያ ሰበብ ሥልጣን ለቀቁ። የዚህ አገር ጎርፍ ተንኮለኛ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ሩቅ፣ ከላይ ደጋው ላይ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለ ሰው ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየሞቀው ውሃው ይደርስበታል። ስለዚህ የምሄድበት ቦታ በክረምታቸው ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሲሆን ዝናብ ከተተነበየ በወቅቱም ይዘጋል። እኔ የሄድኩት በግንቦት ነው። ይህን ሁሉ አስረድቻት እንኳ ልብሴን ስታጣጥፍ ታጉረመርም ነበር።

ጉዞው ለአርብ ተቀጠረ። ሐሙስ ማታ አማን ውስጥ መተኛት ግን ዘበት ነው። አርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ ሰርገኛው ሁሉ ያንን ማታ ይመርጣል። ርችት፣ ክላክስ፣ እልልታ፣ እንደገና ርችት። ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ሞከርኩ። ሙሽሮቹን አንድ ሁለት ጊዜ ሳልረግማቸው አልቀረሁም፣ ይቅር ይበለኝ። ዓይኔ ከመከደኑ ስልኩ ጮኸ፣ ገና አልነጋም። እህቴ ተነስታ ዳቦና እንቁላል ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከትታለች። የወኪሉን ምሳ ሳይ ስንቴ እንደመረቅኳት!

ቦታው ዋዲ ሙጂብ ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው በድሮ ስሙ ያውቀዋል፦ አርኖን፣ የሞዓብ ድንበር፣ እስራኤላውያን ተሻግረው ከአሞራውያን ንጉሥ ከሴዎን ጋር የተዋጉበት። በሸለቆው ሰሜን በኩል ዲባን የምትባል ከተማ አለች፣ የመጽሐፉ ዲቦን መሆኗ ነው። የሞዓቡ ንጉሥ ሞሳ ያስቀረጸው ጥቁር ድንጋይ በ1868 እ.ኤ.አ. የተገኘው እዚያ ነው። ንጉሡ ድንጋዩ ላይ ከሚፎክርባቸው ሥራዎች አንዱ በአርኖን በኩል መንገድ ማውጣቱ ነው። መንገድ ሠሪ ንጉሥ ደስ ይለኛል።

ከአማን የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፦ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይጨምራል፣ ሾፌሩ ደግሞ አንድ እጁን ለስልክ ይሰጣል። ልዩነቱ እዚህ የሚወረደው ከባሕር ወለል በታች መሆኑ ነው። መንገዱ ዳር «የባሕር ወለል» የሚል ምልክት ቆሟል፤ እሱን አልፈን ገና ወረድን፣ ወረድን። ሙት ባሕር ዳር ስንደርስ ከባሕር ወለል 430 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለተወለደ የአዲስ አበባ ልጅ አየሩ ራሱ ከበደኝ፣ ወፍራም ነገር የምተነፍስ መሰለኝ።

ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ፈረምን። ወረቀቱ ረጅም ነው። ባጭሩ «ብትሞት የራስህ ጉዳይ ነው» ይላል። ላይፍ ጃኬት፣ ሄልሜት፣ ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር መታጠቂያ ታደለን። ጋይዶቹ ሁለት ናቸው። ዋናው አጠር ያለ፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ሰውዬ ነው። የእያንዳንዳችንን መታጠቂያ ሁለቴ ጎተት፣ ዘለበቱን በጣቱ ቸብ፣ ከዚያ ዓይን ዓይናችንን አየት። እኔ ጋ ሲደርስ «ሐበሺ?» አለ። አዎ ስለው የጭኔን ማሰሪያ በአንድ ጣት አጠበቀና «ያላ» ብሎኝ አለፈ። ስለ ወኪሉ ያልኩትን ሁሉ እላለሁ፣ ይህ ሰውዬ ግን የተከፈለው ሁሉ ይገባዋል።

ወደ ፏፏቴው የሚወስድ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። ብዙው ሰው የሚሄድበት ሲቅ የሚሉት ነው፦ ከድልድዩ ሥር በብረት መሰላል ውሃው ውስጥ ወርዶ፣ ወንዙን ሽቅብ እየተጋፉ ፏፏቴው ግርጌ ደርሶ መመለስ። ያለ ጋይድ ይቻላል። እኛ የመረጥነው ማላቂ የሚባለውን ነው። በኮረብታው ዞሮ ከላይ ወደ ወንዙ ይወርድና በፏፏቴው አናት ይመጣል። እሱ ያለ ጋይድ አይፈቀድም።

ስለ አቀበቱ ብዙ አልናገርም፤ ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ላብ ብቻ ነው። አብረውን የነበሩት ሁለት ጀርመኖች ግን እያፏጩ ሄዱ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ዓለም ተለወጠ። ጫማዬን ሳላወልቅ እስከ ወገቤ ገባሁና «እፎይ» አልኩ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ የሚያንዘፈዝፍ አይደለም። ቆም ካሉ ትንንሽ ዓሦች መጥተው እግር ይነካካሉ። ሙጂብና ሂዳን የሚባሉት ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ሰፋ ያለ ኩሬ አለ፣ እዚያ ምሳ በላን። እንቁላሌን ለአማናዊው ባልና ሚስት አካፈልኩ። እነሱም ቴምር ሰጡኝ። በዋጋው ምክንያት የያዝኩባቸው ቂም እዚያው ተቀበረ፣ እነሱ ምን አደረጉ?

ከዚያ በኋላ ግድግዳው እየጠበበ መጣ። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ለብዙ ዘመን ልሶት እንደ ጨርቅ እጥፋት ተጣጥፏል። ቡናማ፣ ነጭና ሐምራዊ መስመር አለው። ሰማዩ በላይ እንደ ክር ቀጥኗል። በጥልቁ ቦታ ጀርባችን ላይ ተኝተን እግር አስቀድመን ተንሳፈፍን፣ ድንጋይ ከመጣ በእግር ይገፋል። ዋና የምችለው ለስሙ ያህል ነው፣ ሆኖም ላይፍ ጃኬቱ ሥራውን ሠራ። እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ድምፄን ገደሉ መልሶ አሳቀብኝ።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ሳቁ ቆመ።

20 ሜትር ነው። ከላይ ሲያዩት ውሃው ጠርዙን አልፎ ይጠፋል፣ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ጋይድ ቀድሞ ወረደ። ዋናው 8 ቁጥር የመሰለች ብረት ላይ ገመዱን ጠምዝዞ መታጠቂያዬ ላይ ቆለፈና አስረዳኝ። ግራ እጅ ከላይ ገመዱን ለሚዛን ብቻ ይነካል። ቀኝ እጅ ከዳሌ በታች ነው፣ ፍሬኑ እሱ ነው። ስታላላው ትወርዳለህ፣ ወደ ዳሌህ ስታጠብቀው ትቆማለህ። እኔ ባበላሽ እንኳ ታች ያለው ሰው የገመዱን ጫፍ ይዟል፤ እሱ ሲስበው ገመዱ ብረቷ ላይ ይነክሳል፣ እኔም ባለሁበት እቆማለሁ። ጥሩ አሠራር ነው። ጭንቅላቴ ተቀበለው። ጉልበቴ አልሰማም።

የሚያስፈራው ቁመቱ አይምሰላችሁ። የሚያስፈራው ጀርባን ለባዶው ሰጥቶ መቀመጡ ነው። ሰው ሲፈራ ግድግዳ ያቅፋል። እዚህ ግድግዳ ካቀፍክ እግርህ ይንሸራተትና ድንጋዩን በአፍንጫህ ትስማለህ። ከግድግዳው መራቅ፣ እግር ከፈት አድርጎ በሙሉ መርገጫው መቆም፣ እንደ ወንበር ወደ ኋላ መደገፍ ያስፈልጋል። ወንበር የለም እንጂ።

«ሹወይ ሹወይ» ይለኛል ጋይዱ። ቀስ በል ነው። ቀስ ማለትስ ችዬበታለሁ፣ ጭራሽ አልተንቀሳቀስኩም!

እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ብቻ ጥቂት ወርጄ ጎኔን ውሃው መታኝ። ሄልሜቴ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ይንኳኳል። ዓይኔ አይታየኝም። አንድ እግሬ አዳለጠኝ፣ ዞርኩ፣ ትከሻዬ ድንጋይ ነካ። ያን ጊዜ ከሆዴ ወጣ፦ «በስመ አብ! እመብርሃን!»

ገደሉ ድምፅ ያጎላል ብያለሁ። ከታች፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ፣ የሴት ድምፅ መለሰልኝ።

«አይዞህ! አይዞህ ወንድሜ! እግርህን ክፈት!»

ቁልቁል አየሁ። በሲቅ መንገድ የመጡ ሰዎች ኩሬው ዳር ቆመው ስልካቸውን ወደ እኔ ደግነዋል። ከመካከላቸው ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት የለበሱ ሦስት የአገሬ ልጆች እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንዷ ጭራሽ እንደ አሠልጣኝ ትመራኛለች። «ቀኝህን! ቀኝህን ርገጥ! እንዲያ ነው!» ከጋይዱ ይልቅ እሷን ሰማሁ። እግሬን ከፈትኩ፣ ተደገፍኩ፣ ቀኝ እጄን አላላሁ። ወረድኩ። ውሃው ውስጥ ስዘፈቅ እልልታው ቀለጠ። ጀርመኖቹ በቄንጥ ሲወርዱ ያጨበጨበላቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለእኔ ጫወታ ነበር። ከልጆቹ ጋር ወንዙን ተከትለን ወረድን። ድንጋይ ላይ የታሰሩ ገመዶች አሉ፣ እነሱን ይዘው በትንንሽ ፏፏቴዎች መንሸራተት ነው። ሦስቱም አማን ሰው ቤት ይሠራሉ። አርብን እረፍት የሚሰጧቸው አሠሪዎች ስላገኙ ዕድለኞች ነን ይላሉ። ያቺ መሪዬ ከጎጃም ናት። እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ፣ ፏፏቴውን ከታች ማየት እንደሚበቃቸው ነገረችኝ።

«ስንት ከፈልክ ለዚህ?»

ነገርኳት። ቆም አለች።

«የደሞዜን ሲሶ ለመንጠልጠያ!» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ለማንም አላማረርኩም።

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ከቦርሳቸው እንጀራ በምስር ወጥ አወጡ፣ በፕላስቲክ ሳህን። እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ጉርሻ አፌ ውስጥ ነበር። ሚኒባሱ ክላክስ እያደረገ ነው፣ ወኪሉ የላከው ሾፌር ሰዓቱን ያሳየኛል። ሌላ ጉርሻ ጨመሩልኝ፣ ሾፌሩንም ጠሩት። ምስሩ አቃጥሎት ውሃ ለመነ።

ቤት ስገባ ትከሻዬ በልዟል፣ ደረጃ መውጣት ጣር ሆኖብኛል። እህቴ ቪዲዮውን ደጋግማ አየች፣ «በስመ አብ» የምልበት ላይ ስትደርስ እየመለሰች ሳቀች። ስለ ልጆቹ ስነግራት ግን ፊቷ ተቀየረ።

«ስልካቸውን ተቀበልክ?»

«የአንዷን።»

«አምጣ። ሰው አብልቶህ ቡና ሳትጋብዝ ትመጣለህ?»

እዚያው ደወለች። ከየት ናችሁ፣ ከመጣችሁ ስንት ጊዜ ሆነ፣ መጥታችሁ ቡና ሳትጠጡ አይሆንም እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ስልኩን ስትዘጋ በታችኛው መንገድ አብራቸው ለመሄድ ተቀጣጥራለች።

«ገመድ የለውም ብለውኛል፣ እውነት ነው?»

«አለው። የሚያዝ ነው እንጂ የሚንጠለጠሉበት አይደለም።»

«ጫማስ?»

«ሶሉ የሚቆነጥጥ፣ ውሃ ቢገባበት የማታዝኚበት። ሰንደል አይሆንም፣ ውሃው ይነጥቅሻል።»

ተነስታ በረንዳው ላይ የሚደርቀውን የእኔን እርጥብ ጫማ አነሳች፣ ሶሉን ገልብጣ አየች፣ ከዚያ እግሯን አስገብታ ለካችው።