በዱባይ ወበቅ መሮጥ

በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ መሮጥ የለመደ ሰው የዱባይን ሐምሌ መገመት ይቸግረዋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ፀሐይ ሳትወጣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብወጣም፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሮጥ ካልሲዬ በላብ ርሶ ጫማዬ በየእርምጃው ይንጫጫ ጀመር። ከሙቀቱ ይልቅ የሚከፋው ወበቁ ነው፤ አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ላብ በቀላሉ ተንኖ ሰውነትን ማቀዝቀዝ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠዋል፤ ሦስቱም የእኛ ልጆች ከእነርሱ መካከል ነበሩ (በወንዶቹ ማራቶን ግን ሌሊሳ ዴሲሳ በዚያው ከተማ ወርቅ አጥልቋል)። አሁን ሰዓቴን ቤት ትቼ፣ ጨው ጣል ያደረግሁበትን ውኃ ይዤ፣ ትንፋሼን እያዳመጥኩ እሮጣለሁ፤ ራሴን ካዞረኝ ያለ ኀፍረት ታክሲ እጠራለሁ።